ሳይጠሩ የሚመጡበት ማዕድ

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

ኦግኒየን ከውጭ አገር፣ ከሊንዝ ደወለ። ልጄ ሲደውል መጀመሪያ ስለ አየሩ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበቴ። ከዚያ ዝም ካለ ስለ ቤቱ ሊያወራ ነው ማለት ነው። ዛሬም ዝም አለ።

«እማ፣ ገዢ ተገኝቷል፤» አለኝ። «ሰውየው እስከ አዲስ ዓመት ይጠብቃል። እዚያ ሰፈር ማን አለሽ? አባባ ከሞተ ጀምሮ ደጃፍሽን የረገጠ ሰው አለ? የመጀመሪያው ዝክር ላይ እንኳን ማንም አልመጣም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም?»

ብያለሁ። ባሌ ቬሊሚር የሞተ ዓመት፣ ለቤታችን ዝክር ለቅዱስ ኒኮላ ማንም አልመጣም ብዬዋለሁ።

ነገሩ ከነከነኝና «ሰፈሩ እኮ አልሞተም፣ ተኝቶ ነው፤» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ የአባቱ ነው፤ ስለዚህ ልቆጣው አልቻልኩም። በዚያው ተዋዋልን። እስከ ቅዱስ ኒኮላ፣ እስከ ዴሴምበር 19 ድረስ፣ ዶኒ ብሬግን አብሮ የሚበላ ሰፈር ካደረግኩት እቆያለሁ። ካልሆነ ቤቱ ይሸጣል፤ እኔም ሊንዝ ሄጄ አራተኛ ፎቅ ላይ የልጅ ልጆቼን ካልሲ ሳጥፍ እኖራለሁ። ምን ቆርጦኝ እንደተስማማሁ እንጃ።

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁና መንገዱን ከላይ እስከ ወንዙ ድረስ ቆጠርኩት። አርባ አንድ ቤት። ጭስ የሚወጣባቸው አሥራ ሰባት።

ኦክቶበር 1፣ ማክሰኞ

የክበቡን ቁልፍ ከመምህር ስሬተን ተቀበልኩ። የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር እሳቸው ናቸው፤ ኮሚቴውም እሳቸው ብቻ ናቸው። በምንጣፍ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ሃያ ስድስት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ግን እግሬን አላስገባሁበትም። በሩን ስከፍተው የአይጥ ሽታ ተቀበለኝ። ትልቁ ምድጃ አለ፤ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎችም አሉ። ግድግዳው ላይ የመጨረሻው ሳምንት የምግብ ዝርዝር በእጄ ጽሑፍ እንደተለጠፈ ነው፦ ሐሙስ ባቄላ፣ ዓርብ ዓሳ። እንባዬ መጣ። አቧራው ነው።

«በየቅዳሜው ሊያበሉ ነው አሉ፤» አሉኝ መምህር። «ማንን?»

«የመጣውን።»

«የሚመጣ ከሌለስ?»

«እርስዎ አሉ አይደል?»

«እኔ እንኳን ጨው አልበላም፤» አሉ።

ኦክቶበር 3

ዴሚር ቧንቧውን ሊሠራ መጣ። በሳምንቱ ቀናት ቧንቧ ይጠግናል፣ ሰንበት ሰንበት በየሠርጉ መለከት ይነፋል፤ ሁለቱም ያው መንፋት ነው ይላል። ከምድጃው ሥር ተጋድሞ ሲያበቃ አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ ስታኒያ፣ ይሄ ቧንቧ በዕድሜ አባቴን ይበልጣል። አንቱ እያልኩ ነው የምፈታው፤» አለኝ። ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደሳቅሁ አላስታውስም። ውሃው ወረደ፤ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ንጹሕ።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

የባቄላ ሾርባ፣ ለአርባ ሰው። የመጡት፦ ዴሚር፣ መምህር ስሬተን፣ አንዲት ድመት። ድመቷ ሁለት ጊዜ በላች።

አልከፋኝም።

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ድስቱን በጋሪ እየገፋሁ ወደ ቤት ስመለስ የሩዢካ መጋረጃ ተነቃነቀ። ታይ። እሰይ ትበል። የእሷ በርና የእኔ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ይማርሽ ስትል የኖርን ሰዎች ነን። ኦግኒየንን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት፤ አበልጄ ናት። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው አንድ ቃል ከተነጋገርን። ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች።

ደግሞስ መንገዱን መሻገር ለእሷ ምኗ ነው? አሥራ አራት እርምጃ ነው።

ኦክቶበር 8

ሱቅ ዱቄት ስገዛ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ቦሲልካ (ፋብሪካው ውስጥ ቀለም ክፍል የነበረችው) ለባለሱቁ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ለሕዝብ ድስት ትጥዳለች አሉ። የራሷን በር ግን...» ከዚያ ዝቅ አድርጋ አወራች፤ አልሰማሁም። የሱቅ ወሬ መቼም አያልቅም። ዱቄቱንም ረስቼ ወጣሁ።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

እጄ ቃሪያ ቃሪያ ይላል፤ ዓይኔንም አሽቼበት ይለበልበኛል። ቢሆንም የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

በዚህ ወር ሁሉም ሰው በየግቢው ቀይ ቃሪያ ይጠብሳል፤ ይልጣል፣ ይፈጫል፣ በዘይት ሲያማስል ይውልና አይቫሩን በጠርሙስ ሞልቶ ለክረምት ያስቀምጣል። ሁሉም በየግቢው፣ በሩን ዘግቶ። ስለዚህ በዴሚር አፍ ወሬ አስነገርኩ፦ የክበቡ ምድጃ ነድዷል፣ ትልቁ መፍጫ ተስሏል፣ ቃሪያችሁን ይዛችሁ ኑ።

አሥራ አንድ ቤት መጣ! በጆንያ፣ በጋሪ፣ አንዱ በሕፃን ማንሸራሸሪያ። ጭሱ መንገዱን ሞላው፤ ከላይ ከአስፋልቱ ድረስ የማናውቃቸው ሰዎች ሽታው ጎትቷቸው ወረዱ። ሴቶቹ እየላጡ ያወራሉ፣ እያወሩ ይልጣሉ። እኔ ደስ ብሎኝ ክንፍ አወጣሁ። ደስታዬ ነው ጉድ ያደረገኝ። ትልቁን ድስት አየሁና የሁሉንም ቃሪያ አንድ ላይ ገለበጥኩት። የክበብ ልማዴ ነው፤ ለእኔ ሦስት መቶ ሰው አንድ ድስት ነው። ደበርጃንም ጨመርኩበት።

ላጪዎቹ ቃሪያቸውን አስቀመጡ።

«ስታኒያ፣» አለች ቦሲልካ፣ «ከዚህ ውስጥ የእኔ ቃሪያ የትኛው ነው?»

ከዚያ በቃ፣ ቤቱ ታመሰ። አንዷ የእናቴ አይቫር ደበርጃን አይቶ አያውቅም ትላለች፤ ሌላው የእኔ ከገጠር የመጣ ነው፣ ከገበያ ቃሪያ ጋር ምን ያገናኘዋል ይላል። መምህር ስሬተን ጨው ገብቶበታል ወይ እያሉ ይዞራሉ። በዚህ መሀል ከክበቡ ግቢ ጋር ከሚዋሰነው ቤት ላይኛው መስኮት ተከፈተ።

«ደበርጃን ጨመረችበት?! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ሴት ደበርጃን ጨመረችበት እንዴ?»

ሩዢካ። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ። ለእኔ አይደለም የተናገረችው፣ ስለ እኔ ግን ነው። ሁሉም አንጋጦ ፍርድ ጠበቀ። «አሁን ብታለቅሱ ምን ዋጋ አለው? አንድ እፍኝ ስኳር ጨምሩበት!» አለችና መስኮቱን ጠረቀመችው።

ጨመርኩበት። ጣፈጠ። ዘጠና ስድስት ጠርሙስ ወጣው፤ እኩል ተካፈልነው። ሦስቱን ጠርሙስ ሩዢካ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩ። ሕዝብ ፊት ስለተናገረች ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ሰው! የተጣሉት ሁሉ መጡ፤ አይቫሩን እየቀመሱ እንደገና ሊጣሉ።

ኦክቶበር 26፣ ቅዳሜ

ሃያ ሁለት። የፋብሪካው ሴቶች ሲገቡ ማንም ሳይነግራቸው በየክፍላቸው ተቀመጡ። ቀለም ክፍል መስኮቱ ሥር፣ ፈትል ክፍል በሩ አጠገብ፣ ሸማኔዎቹ መሀል። ሃያ ሁለት ሰው ሆነው እንኳን ሰልፍ ያዙ፤ ሳህናቸውን ዘርግተው እንደ ድሮው «ስታኒያ፣ ከሥሩ ጨልፊልኝ!» ይሉኛል። ከሥሩ ጨለፍኩላቸው። ከአስፋልቱ በላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት መጥተው እዚህ የሚከራይ ቤት አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ዶኒ ብሬግ ውስጥ! ዴሚር «ምርጫ ነው፤ ሃያ አራት አለን፤» አላቸው።

ኦግኒየን ሲደውል ነገርኩት። «ጎበዝ እማ፤ ለነፃ እራት ግን ማን እምቢ ይላል? ቤትሽስ ይመጣሉ?» አለኝ። ቤቴ ለምን ይመጣሉ? ክበቡ ሰፊ ነው፣ ይሞቃል። ቤቴ ትንሽ ነው።

ኖቬምበር 2፣ የሙታን ቅዳሜ

ንፍሮና ሻማ ይዤ ቬሊሚር ዘንድ ሄድኩ። ከኔ በፊት የደረሰ አለ። ሣሩ ተነቅሏል፣ ሻማ በርቷል፣ ድንጋዩ ላይ አንዲት ሲጋራ ተቀምጣለች። ቬሊሚር ማጨሱን የሚጠላበት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ሩዢካ ከአፉ እየነጠቀች ትጥልበት ነበር። ማን እንዳስቀመጠለት አላውቅም።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቶሎ ተመለስኩ።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

የቅዱስ ኒኮላ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። እዚህ ሰፈር ቅዱስ ኒኮላን የሚዘክሩ ቤቶች ዘጠኝ ናቸው፤ የእኛም አንዱ ነው፣ ከቬሊሚር ቅድመ አያት ጀምሮ። ዘጠኙም በዚያው ቀን ማዕድ ዘርግተው በየቤታቸው እንግዳ ይጠብቃሉ። አስተናጋጁ በዝቶ እንግዳው ያንሳል፤ አንዱ ሌላው ዘንድ መሄድ አይችልም። ስለዚህ መላ አገኘሁ፦ በክበቡ አንድ ትልቅ ዝክር፣ ለመላው ሰፈር። እንከን የማይወጣለት ሐሳብ ነው። ካርድ እንዲጽፉልኝ መምህር ስሬተን ዘንድ ሄድኩ፤ ጽሕፈታቸው የታተመ ነው የሚመስል።

ብዕራቸውን ይዘው ቆዩ። «ወይዘሮ ስታኒያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ለዝክር ሰው ይጠራል እንዴ?»

«ይሄ የቤት አይደለም። የክበብ ነው።»

«ክበብ ቅዱስ አለው እንዴ?»

«መምህር፣ ይጻፉልኝ እባክዎ።»

ጻፉልኝ። አሥራ ስድስት ካርድ፣ ከእኔ በቀር ጭስ ላለበት ቤት ሁሉ። ለዝክር እንደማይጠራ እኔም አጥቼው አይደለም። ልጅ እያለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቀኑን ያወቀ ይመጣል፣ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ በቃ። ግን ካልጠራሁ ማን ይመጣል? በሬን ከፍቼ፣ ሻማ አብርቼ፣ ዳቦውን ዘርግቼ ተቀምጬ ባይመጡስ? ካርድ ካለ ቢያንስ ማን እንደሚመጣ ይታወቃል።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

የአሳማ ጎድን በጎመን ለሰላሳ ሰው ሠራሁ። ዴሚርና መምህር ብቻ መጡ። ድመቷም ቀረች።

ኖቬምበር 17

ሱቅ። ቦሲልካ፣ ዛሬስ ድምፅዋን ዝቅ እንኳን አላደረገችም፦ «ለዝክር ካርድ! ነገ ደግሞ ለመተንፈስ ፈቃድ ትሰጠናለች።» ባለሱቁ ሳቀ፤ ሲያየኝ ሳቁን ዋጠው።

ምን አጠፋሁ? ደግ ባደረግኩ!

ኖቬምበር 18፣ ሰኞ

የሩዢካ ካርድ በግቢዬ በር ሥር ተመልሶ ገብቷል። ጀርባው ላይ በእሷ በዚያ በጠማማ ጽሑፏ፦ «እኔ በቤትሽ መቼ ተጠርቼ አውቃለሁ?»

ደሜ ፈላ። ጠርተሽኝ አታውቂም ልትለኝ ነው? የእኔን ማዕድ ሰላሳ ዓመት የበላች ሴት! ልጄን ክርስትና ስታነሳ ማን አበላት? ኩኪስ ብጋግር ግማሹ የማን ነበር? ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ነበር። አልጨመርኩትም፤ እዚሁ ደብተሩ ውስጥ አለ።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

ሚካኤል ነው። የሩዢካ ቤት ዝክር። ድሮ ድሮ ዛሬን የሚያህል ቀን አልነበረኝም፤ ጠዋት ገብቼ እጄን ታጥቤ ሥራውን ከእሷ እኩል እይዝ ነበር። ካቻምና ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ አምናም አልሄድኩም። ዘንድሮም አልሄድም።

ኋላ፦ ልብሴን ቀይሬ ነበር። አረንጓዴውን ሹራብ። አሥራ አራቱን እርምጃ ተራምጄ በሯ ድረስ ሄድኩ። በሩ እስከ ዳር ተከፍቷል፤ መብራቱ ደጅ ድረስ ወጥቷል። ውስጥ ቦሲልካ ስትስቅ ይሰማኛል። አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ ብቅ አለ፤ ሩዢካ መሰለችኝ፤ ወደ ጨለማው፣ ወደ እኔ፣ ዓይኗን አጥብባ ተመለከተች። ተመለስኩ። እንደ ሌባ ግድግዳ ታክኬ።

የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። አፈርኩ።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ዴሚር የክበቡን ቧንቧ ልይ ብሎ መጣ። ቧንቧው ምንም አልሆነም። ካርዱን አሳየሁት። «ተመልከት ስድቧን!»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። «እትዬ ስታኒያ፣ እኔ ዝክር የለኝም፤ የሁሉንም ግን እበላለሁ፤ ስለዚህ ከሁላችሁም የተሻለ አውቃለሁ፤» አለኝ። «ይሄ ስድብ አይደለም። የሚጠራ ማን ነው? እንግዳ ነው። ባዳ ነው የሚጠራ። አበልጅሽ እኮ፣ እኔ ቤትሽ የምጠራ ባዳ ነበርኩ ወይ ነው የምትልሽ።»

ካርዱን ተቀብዬ ጀርባውን ደግሜ አየሁት።

«ሰፈሩ በካርዱ የተቆጣው ለዚህ ነው። የቤት ልጅ አድርገሽ ከድስትሽ አበላሻቸው፤ ከዚያ ደግሞ ካርድ ልከሽ እንግዳ አደረግሻቸው። አንቺስ ብትሆኚ?»

«አልመጡማ! ቬሊሚር የሞተ ዓመት አንድም ሰው አልመጣም!» ብዬ ጮህኩበት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዴሚር ዓይኔን ማየት ተወ። «እኔ መጥቻለሁ፤» አለ ወደ መፍቻው እያየ። «በርሽ ተቆልፎ ነበር።» መፍቻውን ይዞ ወጣ።

ያው ምሽት።

እንግዲህ ልጻፈው። ከራሴ ደብተር ምን እደብቃለሁ?

በዚያ ቀን ቤት ነበርኩ። ቬሊሚር ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም። ከጠዋቱ ዳቦውን ጋገርኩ፣ እንግዳ ሲገባ የሚቀምሰውን ስንዴ ቀቀልኩ። ከዚያ ወንበሩን አየሁት፤ የሱን። የዝክሩን ዳቦ ከመቁረሱ በፊት ከእንግዶቹ ጋር ይዞ፣ ቆሞ የሚያዞረው እሱ ነበር። ሄጄ የግቢውን በር በቁልፍ ዘጋሁት፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ ኩሽና ውስጥ ተቀመጥኩ። መጡ። አንድ በአንድ መጡ፤ በሩን ነካ ነካ እያደረጉ፣ እየተንሾካሾኩ ተመለሱ። ሩዢካ ግን አልተመለሰችም። «ስታኒያ!» ብላ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። ሦስተኛው ለቅሶ ነበረው። እኔ አፌን በጨርቅ ይዤ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ለልጄ ማንም አልመጣም አልኩት። ቀላሉ እሱ ነበር። ቆየሁና እኔም አመንኩት።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

የክበቡን ድስት ለዴሚር ተውኩና («ካረረ አንተን ነው የምበላህ») ወደ ሩዢካ ተሻገርኩ። ዝክሩ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ በሩ ገና ክፍት ነበር። ኩሽና ውስጥ ሳህን ታደርቃለች። ቀና ብላ አየችኝና ማድረቋን ቀጠለች።

«ውስጥ ነበርኩ፤» አልኳት። «ያን ቀን። ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ጭስ ማውጫሽ ይጨስ ነበራ። ሰው በሌለበት ቤት ዳቦ ይጋገራል?»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ሳህኑን አስቀመጠች። «ምን ልበልሽ? በሩን የዘጋሽው አንቺ። እኔ ደግሞ ኩራተኛ ነኝ፤ ታውቂኛለሽ። ዛሬ ትከፍታለች፣ ነገ ትከፍታለች እያልኩ መስኮት ላይ አረጀሁ። እሱ እኮ ለእኔም እንደ ወንድሜ ነበር ስታኒያ። ለብቻሽ አደረግሽው።»

ለብቻሽ አደረግሽው። ይሄንን ቃል በሕይወቴ አልረሳውም። አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። አፍንጫዋን በፎጣው ጠረገችና «ደግሞ ከትናንት ወዲያ ማታ በሬ ላይ የቆመችው ባለ አረንጓዴ ሹራብ ማን ናት? ሌባ መስላኝ ድስት ይዤ ልወጣ ነበር!» አለች። ሳቅን። የሚካኤልን ትራፊ ቆሜ፣ ከድስቱ በእጄ በላሁ።

መቃብሩ ላይ ስለነበረችው ሲጋራ ጠየቅኋት። «ምን አባቱ! እዚያማ ከእንግዲህ ሳንባውን አይጎዳውም፤» አለችኝ።

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

ጾም ገብቷል። ክበቡ ውስጥ ባቄላና ዓሳ፤ ሰላሳ አምስት ሰው። ሁሉም ፊት ቆሜ ስለ ካርዱ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለዚያ ዓመቱም በር። ቦሲልካ መጀመሪያ ተነስታ ሳህኗን ዘረጋች፣ «ከሥሩ ጨልፊልኝ፤» አለች። በዚሁ አለፈ።

የዘጠኙን ቤት ጣጣ የፈታችው ሩዢካ ናት። «ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ ሰዓት! ምግቡን እዚህ ክበብ አብረን እንሠራለን፤ እያንዳንዱ ድስቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከላይኛው ቤት እንጀምርና ሁላችንም ወደ ወንዙ እንወርዳለን። ጥሪ የለም፤ የመጣ ይመጣል።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ወደ ቤት ስመለስ ነው የገባኝ፤ ወንዙ ጥግ ያለው የመጨረሻው ቤት የእኔ ነው። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት። ስምንት ቤት በልቶ ጠጥቶ የጠገበ ሰው፣ በዚያ ብርድ፣ ከዘጠነኛው ቤት ምን አለው?

ዴሴምበር 7

እነዚያ ባልና ሚስት ባዶ ከቀሩት አንዱን፣ የመቃብር ቆፋሪውን ቤት ተከራዩ። ጭስ አሥራ ስምንት ሆነ። ኦግኒየን ደወለ፤ ገዢው ውል ይፈረም ብሎ ይወተውታል አሉ። «እስከ አሥራ ዘጠኝ ተባብለናል፤» አልኩት።

«ቤትሽ ከመጡ ትቀሪያለሽ፤ ካልመጡ ትመጫለሽ። እሺ እማ?»

እሺ አልኩ። በሬን እንደምከፍት አልነገርኩትም። ብዘጋውስ?

ዴሴምበር 18፣ ረቡዕ

ክበብ። አርባ ኪሎ ዓሳ። ቅርፊት ፀጉሬ ውስጥ። ሩዢካ ሁሉን ታዛለች። ስንዴው በስኳርና በዋልነት ተፈጭቷል፤ መምህር ቀምሰው «ጨው የለውም!» ብለው ተደሰቱ። አሁን ዳቦዬን ልጋግር።

ዴሴምበር 19፣ ሐሙስ

ከአሥር ሰዓት በፊት የጻፍኩት፦ መንገዱን ሰው ሞልቶታል። ከከተማው ሁሉ የዴሚርን መለከት ሰምቶ የወረደ አለ። እስከ ስድስተኛው ቤት አብሬ ሄጄ ተመለስኩ። በሬን ከፍቼዋለሁ። ድንጋይ አስደግፌዋለሁ፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ዳቦ፣ ሻማ፣ ስንዴ፣ ወይን። ማንም የለም።

አሥራ ሁለት ከሩብ። መለከቱ ቆመ። ብርዱ ኩሽና ገባ። ወደ ቤታቸው ሄደው ይሆናል፤ አይፈረድባቸውም። በሩን አልዘጋም። የሱ ወንበር ፊት ለፊቴ ነው። በሩን አልዘጋውም።

ከሁሉ በኋላ፦ ሩዢካ ነበረች የገባችው። እንኳን አደረሰሽ የለ፣ ሰላም የለ፤ ቀጥ ብላ ምድጃው ጋ ሄዳ የዓሳውን ክዳን አነሳች። «ስምንተኛው ቤት ያሉት ሽማግሌ ተረት ጀምረው አላልቅ አላቸው፤ ጎትተን ነው ያወጣናቸው፤» አለች። ከኋላዋ ቦሲልካ፣ ከኋላዋ መምህር፣ ከዚያ ቆጠራው ጠፋኝ። እያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ስንዴ እየቀመሰ ገባ። ወንበር አልቆ መስኮት ላይ ተቀመጡ። የቬሊሚር ወንበር ላይ ዴሚር ቁጭ ሊል ሲል ደንገጥ ብሎ ተነሳ። «ተቀመጥ፤» አልኩት። «ወንበር እኮ ነው።»

ዳቦውን ለማዞር ተነሳሁ። ሩዢካ ከወዲያ በኩል ያዘችልኝ። «እናንተ ሰዎች፣ ያዙ እንጂ! ለብቻዋ ልታደርገው ነው?» አለች። የደረሰው ዳቦውን፣ ያልደረሰው የያዘውን ሰው ትከሻ ያዘ፤ እስከ ደጁ ድረስ ተያያዝን። አዞርነው። ቆረስነው። ሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ዴሴምበር 20፣ ዓርብ

ኦግኒየን ጠዋት ደወለ። «እህስ እማ? መጡ?»

«መጡ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ስማኝ። ያን ዓመት ማንም አልመጣም ያልኩህ ውሸት ነው። መጥተው ነበር። በሩን ዘግቼባቸው ነው።»

ብዙ ዝም አለ። የቤቱን ነገር ሊያነሳ መስሎኝ ተዘጋጀሁ።

«እኔም ዋሽቼሻለሁ፤» አለኝ። ድምፁ የልጅነቱ ሆነ። «ያን ጊዜ ፈረቃ ደርሶብኝ ነው የቀረሁት አልኩሽ። ፈረቃ አልነበረኝም። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጃለሁ። አባባ የሌለበትን ማዕድ ማየት ፈርቼ ተመለስኩ። ከዚያ... ቤቱ ባይኖር ይሻላል ብዬ ነው፣ እማ።»

እኔ እዚህ በሬን ዘግቼ፣ እሱ እዚያ ባቡር ጣቢያ። አንድ ሰው ሞቶብን ሁለታችንም ለየብቻ። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ልጄን ልይዘው የምችለው በዚያ ብቻ ነበር።

«ለገዢው ዛሬ እነግረዋለሁ፤» አለ በመጨረሻ። «ቤቱ ሰው አለበት እለዋለሁ።» ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ፣ «ለከርሞ ዳቦውን ማን ያዞረዋል?» አለኝ።

ና አላልኩትም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይቆረሳል አልኩት።